በኮንክሪት ውስጥ የተሰወረው ብረት ከፕላን ላይ እንደ ምን ይቈጠራል?

በከተማ ውስጥ አዲስ ፎቅ ሲሠራ ቆም ብሎ የማይመለከት መንገደኛ ጥቂት ነው። አንዱ የፎቁን ከፍታ ያደንቃል፤ ሌላው የመስኮቱን ብዛት ይቈጥራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሥራው ስንት ገንዘብ እንደ ፈጀ ይገምታል። ይሁን እንጂ ያን ሁሉ ፎቅ አጥብቆ የያዘው ነገር ሥራው ሲያልቅ ከማንም ዐይን ይሰወራል። ይኸውም በኮንክሪቱ ሆድ ውስጥ የተቀበረው ብረት፣ በሠራተኞች አነጋገር ፌሮ የሚባለው ነው።

ቀለሙ ባያምር ነገ ሌላ ቀለም ይቀባል፤ በሩ ቢጣመም አናጢ ያቃናዋል። ፌሮው ግን ኮንክሪት አንድ ጊዜ ከፈሰሰበት በኋላ ጐደለ ወይም በዛ ብሎ ለመናገር ልዩ መሣሪያ ማምጣት፣ አለዚያም ኮንክሪቱን መሰርሰር ያስፈልጋል። እንግዲህ ትክክለኛነቱ መመርመር ያለበት ሳይሸፈን ነው። የሚመረምረውም ሰው ስንት ብረት፣ በምን ውፍረት፣ በየትኛው ቦታ መኖር እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ይህንንም የሚነግረው ፕላኑ ነው።

ፕላን ማንበብ ለመሐንዲስ ብቻ የተሰጠ ምሥጢር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የብረቱን ውፍረትና ብዛት አስልቶ መወሰን በእውነቱ የመሐንዲሱ ዕውቀትና ኀላፊነት ነው። የተወሰነውን ከወረቀቱ ላይ አንብቦ መቍጠር ግን መደመርን፣ መቀነስን፣ ማባዛትንና ማካፈልን ለሚያውቅ፣ ትዕግሥትም ላለው ሰው ሁሉ የሚቻል ሥራ ነው። ለቴክኒክ ተማሪ የእንጀራ መክፈቻ ይሆንለታል፤ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ የተቋራጭን የክፍያ ጥያቄ ለሚመረምር ሠራተኛ ደግሞ የሕዝብን ገንዘብ የሚጠብቅበት መሣሪያ ነው። ከዚህም በላይ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ የሰውን ሕይወት የሚጠብቅበት ጊዜ አለ።

ብረቱ ስለ ምን ያስፈልጋል?

ፌሮን ለመቍጠር የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ ብረቱ ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለበት። አንድ ቀጭን እንጨት በሁለት ድንጋዮች ላይ አጋድመን መካከሉን ብንጫነው ይጐብጣል። በጐበጠ ጊዜ የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፤ የታችኛው ፊቱ ይሳባል፤ ጭነቱ ሲበረታም ስንጥቁ የሚጀምረው ከታች ነው። ኮንክሪትም እንደዚሁ ነው። ሲጨምቁት እንደ ዐለት ይጠነክራል፤ ሲስቡት ግን ጕልበቱ የመጨመቂያው ዐሥረኛ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ብረት ሲስቡት ብርቱ ስለ ሆነ፣ ኮንክሪቱ በሚሳበው ፊት በኩል እንዲቀበር ይደረጋል። በዚህ ዐይነት ሁለቱ ሥራ ተካፍለው ሕንፃውን ያቆማሉ።

ሁለቱን ያስማማቸው ሌላም ነገር አለ። በሙቀት ጊዜ የሚለጠጡበት፣ በብርድ ጊዜም የሚኰማተሩበት መጠን ተቀራራቢ ስለ ሆነ አንዱ ከሌላው አይላቀቅም። ደኅና ሆኖ የተሠራ ኮንክሪትም በውስጡ የያዘውን ብረት ከዝገት ይጠብቀዋል።

ይህ ብልሃት ከተገኘ ብዙ ዘመን አይደለም። ዦዜፍ ሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ በሲሚንቶ ውስጥ ብረት እየቀበረ የአበባ ገንዳ ይሠራ ነበር፤ ለዚሁም ሥራው በ1867 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ተሰጠው። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1892 እ.ኤ.አ.፣ ፍራንስዋ ኤንቢክ የተባለው ሌላ ሰው ምሰሶውን፣ አግዳሚውንና ወለሉን በብረት አያይዞ እንደ አንድ አካል የሚያቆመውን አሠራሩን በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከአበባ ገንዳ የተጀመረው ነገር ዛሬ ድልድይና ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ተሸክሟል።

ፕላኑ የሚናገርበት ቋንቋ

የአንድ ሕንፃ ፕላን አንድ ወረቀት ሳይሆን ብዙ ወረቀት ነው። የአርክቴክቱ ወረቀት ክፍሉን፣ በሩንና መስኮቱን ያሳያል፤ ፌሮው የሚገኘው ግን የስትራክቸር ፕላን በሚባለው ክፍል ነው። በዚህም ክፍል መሠረቱ፣ ምሰሶዎቹ፣ በምሰሶና በምሰሶ መካከል የተጋደሙት ቢሞች፣ እንዲሁም የፎቁ ወለል የሆነው ሶሌታ በየተራቸው ይገኛሉ።

ጀማሪ ሥዕሉን እንዳየ ወዲያው መቍጠር ይጀምራል። ልምድ ያለው ሰው ግን አስቀድሞ የሚያነበው በወረቀቱ ጥግ በደቃቅ ጽሕፈት የሰፈረውን ጠቅላላ ማስታወሻ ነው። የብረቱ ደረጃ፣ ብረቱን የሚሸፍነው ኮንክሪት ውፍረት፣ የብረቱ ጫፍ የሚታጠፍበት ልክ፣ አንዱ ብረት ሳይደርስ ሲቀር ከሌላው ጋር የሚደራረብበት ርዝመት በዚያ ይገኛል። ለምሳሌ ማስታወሻው «መደራረቢያው የብረቱ ውፍረት 50 እጥፍ ይሁን» የሚል ቢሆን፣ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ብረት በተቀጠለ ቍጥር 80 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል ማለት ነው። ይህን ሳያነብ የቈጠረ ሰው በረዥም ሕንፃ ላይ ብዙ ኪሎ ይጐድልበታል።

ከዚያ በኋላ ምልክቱ ይመጣል። መካከልዋን ሰያፍ መስመር ያቋረጣት ክብ ምልክት ፋይ ትባላለች፤ ትርጕምዋም የብረቱ ውፍረት ማለት ነው። ከርስዋ በፊት ያለው አኃዝ የብረቱን ብዛት፣ ከርስዋ በኋላ ያለው ደግሞ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ይናገራል። ስለዚህ «3 ፋይ 16» ቢል ባለ 16 ሚሊ ሜትር ብረት ሦስት ፍሬ ማለት ነው። «ፋይ 8 ሲ ሲ 200» የሚል ሲገኝ ግን፣ ባለ 8 ብረት ከአንዱ መካከል እስከ ሁለተኛው መካከል 200 ሚሊ ሜትር፣ ማለት 20 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ ይደርደር ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ብዛቱ አልተጻፈም፤ አንባቢው ራሱ አስልቶ ማውጣት አለበት።

በሥራው ቦታ የሚሰሙት ቃላት ብዙዎቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ፌሮ ብረቱ ነው፤ ስታፋ ረዣዥሞቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀለበት ነው፤ ሶሌታ የኮንክሪት ወለል ነው፤ ቤርጋ ደግሞ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያልተቈረጠው የ12 ሜትር ዘንግ ነው። እንግዲህ ፕላኑ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ሠራተኛው በጣልያንኛ ቃል ይጠራዋል፤ የክፍያው ደብዳቤ በአማርኛ ይመጣል። በሦስቱ መካከል ቆሞ አንዱን ቍጥር ሳያዛባ ማሳለፍ የቈጣሪው ፈንታ ነው።

አንድ ቢም እንቍጠር

ነገሩ በምሳሌ ካልታየ አይጨበጥም። በፕላኑ ላይ በሁለት ምሰሶዎች መካከል የተጋደመ አንድ ቢም አለ እንበል። የምሰሶዎቹ ጐን እያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከምሰሶ ፊት እስከ ምሰሶ ፊት ያለው ክፍት ቦታ 4.70 ሜትር ነው። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር 5.30 ሜትር ይሆናል። የቢሙ ወርድ 25፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ከታች 3 ፋይ 16፣ ከላይ 2 ፋይ 12፣ ስታፋው ፋይ 8 በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ነው። የኮንክሪቱ ሽፋን 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ የረዣዥሞቹ ብረቶች እጥፍ በየጫፉ 25 ሳንቲ ሜትር፣ የስታፋው መንጠቆ በየጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር እንደ ሆነ ተጽፏል። ይህን የመሰለ ቢም በሕንፃው ውስጥ 6 ጊዜ ይገኛል።

በመጀመሪያ የታችኛውን ብረት እንያዝ። ከ5.30 ሜትር ላይ የሁለቱን ዳር ሽፋን 5 ሳንቲ ሜትር ስንቀንስ 5.25 ሜትር ይቀራል፤ የሁለቱን ጫፍ እጥፍ 50 ሳንቲ ሜትር ስንጨምር 5.75 ሜትር ይሆናል። በአንድ ቢም ሦስት፣ በስድስት ቢም 18 ፍሬ ስለ ሆነ ጠቅላላው ርዝመት 103.50 ሜትር ነው። የላይኛውም ብረት በዚሁ ልክ 5.75 ሜትር ነው፤ ሁለት በስድስት 12 ፍሬ፣ ጠቅላላው 69 ሜትር ይሆናል።

ስታፋው ጥቂት ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስታፋ ከምሰሶው ፊት 5 ሳንቲ ሜትር እንዲርቁ ከታዘዘ፣ በሁለቱ መካከል 4.60 ሜትር ይቀራል። ይህንን ለ20 ሳንቲ ሜትር ስናካፍል 23 ይሆናል። ብዙ ጀማሪ «23 ስታፋ» ብሎ ይጽፋል፤ ነገር ግን 23 የክፍተቱ ብዛት እንጂ የስታፋው ብዛት አይደለም። የአጥር እንጨት ተክሎ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ በሁለት እንጨት መካከል ያለው ክፍተት አንድ ነውና። ስለዚህ አንድ ተጨምሮ 24 ስታፋ ይሆናል። በስድስት ቢም 144 ነው።

የአንዱ ስታፋ ርዝመት ደግሞ እንዲህ ይገኛል። ከወርዱም ከቁመቱም በሁለት በኩል ሽፋኑ ሲቀነስ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ዙሪያው 110 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሁለቱ መንጠቆ 20 ሲጨመር 1.30 ሜትር ይሆናል። 144 ጊዜ ሲባዛ 187.20 ሜትር ይወጣል።

ርዝመቱ ከተገኘ በኋላ ወደ ክብደት ይለወጣል። ለዚህ የሚያገለግለው ዘዴ ቀላል ነው፤ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ወስዶ በራሱ ማባዛትና ለ162 ማካፈል ነው። የሚገኘው የአንድ ሜትር ብረት ክብደት በኪሎ ግራም ነው። ይህ አኃዝ የመጣው አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7850 ኪሎ ግራም ከመመዘኑ የተነሣ ነው። በዚህም መሠረት ባለ 16 ብረት በሜትር 1.58፣ ባለ 12 ብረት 0.889፣ ባለ 8 ብረት 0.395 ኪሎ ግራም ይመዝናል።

እንግዲህ እናጠቃልል፦
የታችኛው፣ ባለ 16፣ 103.50 ሜትር፦ 163.53 ኪሎ ግራም
የላይኛው፣ ባለ 12፣ 69 ሜትር፦ 61.34 ኪሎ ግራም
ስታፋው፣ ባለ 8፣ 187.20 ሜትር፦ 73.94 ኪሎ ግራም
ድምሩ፦ 298.81 ኪሎ ግራም

በፕላኑ ላይ ጥቂት መስመርና ጥቂት አኃዝ ብቻ ይመስል የነበረው ነገር ወደ ሦስት ኩንታል የሚጠጋ ብረት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ከኪሎ ወደ ቤርጋ

ከላይ ያገኘነው ንጹሕ ክብደት ነው። ገበያ የሚሄደው ሰው ግን 5.75 ሜትር ብረት አያገኝም፤ የሚያገኘው የ12 ሜትር ቤርጋ ነው። ከአንዱ ቤርጋ ሁለት ባለ 5.75 ሜትር ይቈረጥና 50 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ስለዚህ ለ18ቱ 9 ቤርጋ ባለ 16፣ ለ12ቱ ደግሞ 6 ቤርጋ ባለ 12 ያስፈልጋል። ከአንድ ቤርጋ ባለ 8 ዘጠኝ ስታፋ ስለሚወጣ ለ144ቱ 16 ቤርጋ ይገዛል። የተገዛው ሁሉ ሲመዘን 310.49 ኪሎ ግራም ነው። ከንጹሑ በ11.68 ኪሎ፣ ማለት ከመቶ 4 በሚጠጋ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። አንዳንድ ሰው ጠቅላላውን ርዝመት ለ12 አካፍሎ የቤርጋውን ቍጥር ያወጣል። በእኛ ምሳሌ ይህ ስሕተት አይታወቅም። ነገር ግን ብረቱ 5.75 መሆኑ ቀርቶ 6.10 ሜትር ቢሆን ኖሮ፣ 18ቱ ፍሬ 109.80 ሜትር ስለሚሆን በማካፈል የሚገኘው 10 ቤርጋ ነበር። በእውነቱ ግን ከአንድ ቤርጋ ሁለት ባለ 6.10 ሊወጣ ስለማይችል የሚያስፈልገው 18 ቤርጋ ነው፤ ከየቤርጋውም 5.90 ሜትር ይተርፋል። ብልህ ቈጣሪ ይህንን ትራፊ ለሌላ ክፍል አስቀድሞ ይመድበዋል እንጂ ወድቆ እንዲዝግ አያደርግም።

ክፍያን የሚመረምር የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም ይህንን ልዩነት ልብ ማለት አለበት። በብዙ የሥራ ውል ፌሮ የሚከፈለው በኪሎ ግራም ሆኖ የሚለካውም ከፕላኑ የተገኘው ንጹሕ ክብደት ነው፤ ቍርጥራጩ በተቋራጩ የነጠላ ዋጋ ውስጥ ተካትቶ ይታሰባል። ስለዚህ ተቋራጩ የገዛበትን ደረሰኝ ብቻ አይቶ መፈረም ሕዝቡን ማስከፈል ነው፤ ውሉን ሳያነብ መቀነስም ተቋራጩን መበደል ነው። ውሉንና ፕላኑን አብሮ ያነበበ ሰው ግን ከሁለቱም ወገን ሳያዳላ ይፈርዳል።

ትንሽ የምትመስል ስሕተት

«ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ልዩነት ያመጣል?» የሚል ሰው አይጠፋም። በባለ 12 ብረት ምትክ ባለ 10 ብረት ቢገባ በዐይን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ነገር ግን የብረቱ ክብደትም ሆነ ጕልበቱ የሚከተለው ውፍረቱን በራሱ አባዝቶ ስለ ሆነ 144 የነበረው 100 ይሆናል፤ ከመቶ 30 ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። እንዲሁም 6 ሜትር ስፋት ባለው ሶሌታ ላይ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ የታዘዘውን በየ20 ብሎ ያነበበ ሰው፣ 41 ብረት በሚያስፈልግበት ቦታ 31 ብቻ ያስገባል። በወረቀቱ ላይ የተሳሳተው አንድ አኃዝ ነው፤ ከወለሉ ውስጥ የጐደለው ግን ዐሥር ብረት ነው።

ደግሞ ቍጥሩ ትክክል ሆኖ ቦታው ሊሳሳት ይችላል። ከግድግዳ ወጥቶ በአየር ላይ የተንጠለጠለ በረንዳ ሰው ሲቆምበት ወደ ታች ስለሚጐብጥ የሚሳበው የላይኛው ፊቱ ነው። ስለዚህ ዋናው ብረት ከላይ መሆን አለበት። ኮንክሪት በሚፈስስበት ጊዜ ሠራተኞች እየረገጡ ወደ ታች ቢያሰምጡት ኪሎው አልጐደለም፤ በረንዳው ግን ብርታቱን አጥቷል። ስለዚህ ፕላኑን የሚያነብ ሰው «ስንት?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «የት?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

የኢንቾን ትምህርት

የቍጥር ነገር ከገንዘብ አልፎ የሚሄድ መሆኑን በሩቅ ምሥራቅ የደረሰ አንድ ነገር በግልጽ አሳይቷል። በደቡብ ኮሪያ፣ በኢንቾን ከተማ፣ በአዲሱ የጎምዳን ሰፈር በሚሠራ የመኖሪያ ሕንፃ ግቢ ውስጥ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ማለት በ2023 እ.ኤ.አ.፣ የምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ በሌሊት ተደረመሰ። ሰዓቱ ሠራተኛ የሌለበት ስለ ነበረ የሞተ ሰው አልነበረም።

ጣሪያው ቢም የሌለው፣ በቀጥታ በምሰሶዎች ላይ የተዘረጋ ሶሌታ ነበር። እንዲህ ያለው ሶሌታ ጭነት ሲበዛበት ምሰሶው እንደ ወስፌ ሊበሳው ይቃጣል። ይህን ለመከላከል በምሰሶው ራስ ዙሪያ በሶሌታው ውስጥ ልዩ ብረት ይገባል። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት ይህ ብረት በ32ቱም ምሰሶዎች ላይ ያስፈልግ ነበር፤ ፕላኑ ላይ ግን በ15ቱ ምሰሶዎች ዘንድ ሳይታዘዝ ቀርቷል። ለምርመራ ከተመቹት 8 ምሰሶዎች ውስጥም በ4ቱ ዘንድ፣ ፕላኑ ያዘዘው ብረት በሥራው ላይ አልገባም። የኮንክሪቱ ጥንካሬ ማነስና ከላይ የተደለደለው አፈር ከታሰበው በላይ መብዛቱም ለመደርመሱ ምክንያት ሆነው ተቈጥረዋል።

ከዚያ በኋላ የአገሩ መንግሥት ይህን የመሰለ የመኪና ማቆሚያ ያላቸውን፣ በሕዝብ ቤቶች ድርጅት በኩል የተሠሩ 91 የመኖሪያ ግቢዎች አስመረመረ፤ በ15ቱ ዘንድ ይኸው ብረት ጐድሎ ተገኘ። አደጋው የደረሰበት ግቢም ሙሉ በሙሉ ፈርሶ እንደገና እንዲሠራ ተወሰነ።

ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ስሕተቱ በሁለት ቦታ ነበር፤ አንዱ በወረቀቱ ላይ፣ ሁለተኛው በሥራው ላይ። ብረት ቈጣሪ ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነው። 32 ምሰሶ ቈጥሮ የልዩውን ብረት ምልክት በ17ቱ ላይ ብቻ ያገኘ ሰው፣ ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ «ሌሎቹ 15 ስለ ምን ተለዩ?» ብሎ መሐንዲሱን ለመጠየቅ ይችላል። መልሱን የሚሰጠው መሐንዲሱ ነው፤ ጥያቄውን የሚያነሣው ግን የቈጠረው ነው።

የቈጣሪው ልማድ

ስለዚህ ይህን ሥራ ለመማር የሚፈልግ ወጣት ሁሉ ጥቂት ልማዶችን ከጅምሩ ቢይዝ ይጠቀማል። የሚቈጥረውን በሠንጠረዥ ይጻፍ፤ የክፍሉን ስም፣ የብረቱን ቅርጽ፣ ውፍረቱን፣ የአንዱን ርዝመት፣ በአንድ ክፍል ያለውን ብዛትና የክፍሉን ብዛት ለየብቻው ያስፍር። ድምሩን ብቻ የጻፈ ሰው ስሕተቱን ፈልጎ አያገኝም። የቈጠረውን በፕላኑ ላይ በቀለም እርሳስ ምልክት ያድርግበት፤ አለዚያ አንዱን ሁለት ጊዜ ይቈጥርና ሌላውን ይዘለዋል። ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ቈጥረው ቢያስተያዩ የበለጠ ይሆናል። ፕላን በየጊዜው ስለሚለወጥም የያዘው ወረቀት የመጨረሻው መሆኑን ከቀኑና ከማሻሻያው ቍጥር ላይ ያረጋግጥ። ያልገባውን ነገር በግምት አይሙላ፤ ይጠይቅ።

በመጨረሻም ሠንጠረዡን ይዞ ወደ ሥራው ቦታ ይውጣ፤ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት በወረቀቱ ላይ 24 ያለው ስታፋ በቢሙም ውስጥ 24 መሆኑን በጣቱ እየነካ ይቍጠር። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። የጐደለች አንዲት ስታፋ ኮንክሪት ሳይፈስስባት በሽቦ ታስራ ትገባለች፤ ሥራውም የጥቂት ደቂቃ ነው። ከፈሰሰባት በኋላ ግን በዚያ ሶሌታ ሥር የሚተኛ ቤተሰብ፣ በዚያም ክፍል የሚማር ሕፃን የሚተማመነው ማንም በማያየው ቍጥር ነው።